ከሕመምተኛ ፊቱን ያላዞረው ልዑል
(የጎታማ ቡድሃ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ)

የዚህን ሰው ስም ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። በአገራችን ቡዳ የሚለው ቃል የሚፈራ ቃል ነው። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው ሁሉ በዚህ ስም ሲሰደብና ከማዕድ ሲገለል ኖሯል። የሕንዱ ቡድሃ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቡድሃ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ የነቃ ማለት ነው፤ የማዕረግ ስም እንጂ የመጠሪያ ስም አይደለም። ሰውየው በትክክለኛ ስሙ ሲዳርታ ጎታማ ይባላል። እንዲያውም የሚገርመው፣ ይህ ሰው አጥብቆ ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ ሰውን በትውልዱ መናቅ ነው።

የሱን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት አለን። የመንፈስ ሰላም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው መሸሽን ነው፤ ከጫጫታ መሸሽ፣ ከችግር መሸሽ፣ ከታመመ ሰው አጠገብ መሸሽ። የሲዳርታ ሕይወት ይህ ሽሽት የት ድረስ እንደሚያስኬድና የት ላይ መቆም እንዳለበት ያሳየናል። ታሪኩም ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሌላ ስም ከ470 ዓመት በፊት ገደማ አገራችን ገብቷል። ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

የተከለለው ልጅ

ሲዳርታ የተወለደው በሂማላያ ተራሮች ግርጌ፣ ዛሬ በኔፓል ግዛት ውስጥ በምትገኘው በሉምቢኒ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደሆነ ይገመታል፤ በትክክለኛው ዓመት ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከሞተ በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው የሕንድ ንጉሥ አሾካ በትውልድ ቦታው ላይ የድንጋይ ዐምድ አቁሞለት ነበር። ያ ዐምድ እ.ኤ.አ. በ1896 ተገኝቶ ጽሑፉ ተነቧል።

አባቱ ሱዶዳና የሻክያ ጎሣ ገዥ ነበር። እናቱ ማያ በወለደችው በ7ኛው ቀን ስለሞተች ያሳደገችው የእናቱ እኅት ማሃፓጃፓቲ ናት።

ስለ ልጅነቱ የምናውቀው ትውፊት የሚነግረንን ነው። ልጁ እንደተወለደ ጠቢባን ተጠርተው፣ ወይ ታላቅ ንጉሥ አለዚያም ዓለምን ንቆ የሚወጣ መምህር እንደሚሆን ተናገሩ ይባላል። አባት መቼም አባት ነው፤ ልጁ አልጋውን እንዲወርስለት ፈለገ። ስለዚህ የሰው ልጅ ችግር የሚባለውን ሁሉ ከዓይኑ ሊሰውርበት ወሰነ። ለሙቀቱ፣ ለብርዱና ለዝናቡ ወራት የሚሆኑ ሦስት ቤተ መንግሥቶች አሠራለት። ያረጀ፣ የታመመ፣ የከሳ ሰው በደጁ እንዳያልፍ አደረገ። በ16 ዓመቱም ያሾዳራ የምትባል ልጅ አጋባው። ምንም የጎደለበት ነገር አልነበረም፤ የጎደለው እውነቱን ማየት ብቻ ነበር።

ታዲያ አጥር የቱንም ያህል ቢረዝም በር አለው። አንድ ቀን ሲዳርታ ሠረገላ ነጂውን ቻናን አስከትሎ ወጣ። በመንገድ ላይ ጀርባው የጎበጠ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ አየ። ምን ሆኖ እንደሆነ ነጂውን ቢጠይቀው እርጅና መሆኑንና ለማንም እንደማይቀር ነገረው። በሌላ ቀን በሽታ የጣለው ሰው፣ በሌላ ቀን ደግሞ ዘመድ እያለቀሰለት የሚወሰድ አስከሬን አየ። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ባለበት ዓለም ፊቱ የረጋ፣ የልመና ሳሕን የያዘ መናኝ አየ። ሦስቱ ዕይታዎች እንቅልፍ ነሡት፤ አራተኛው ግን መንገድ ጠቆመው።

በ29 ዓመቱ፣ ትውፊቱ እንደሚለው ልጁ ራሁላ በተወለደበት ሌሊት፣ ሲዳርታ ከቤተ መንግሥት ወጣ። ጠጉሩን በሰይፍ ቆረጠ፣ ጌጡንና ፈረሱን ለቻና መልሶ ሰጠ፣ እራፊም ለበሰ።

ሁለቱ ጫፎች

መንገደኛው በመጀመሪያ መምህር ፍለጋ ሄደ። አላራ ካላማና ኡዳካ ከሚባሉ ሁለት የታወቁ መምህራን ዘንድ ተቀምጦ የተመስጦ ትምህርት ተማረ። ሁለቱም ብልሃታቸውን እስከ መጨረሻው አስተማሩት፤ አብሯቸው እንዲያስተምርም ጋበዙት። እሱ ግን ከተመስጦው ሲወጣ ያው ጭንቀቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ስለጠበቀው ትቷቸው ሄደ።

ቀጥሎ ሥጋውን መቅጣት ጀመረ። ከአምስት ባልንጀሮች ጋር ወደ ጫካ ገብቶ 6 ዓመት ያህል በጾምና ትንፋሽን በመግታት ራሱን አሠቃየ። የገዳም ሰው ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ሲዳርታ ሆዱን ሲዳብስ የጀርባው አጥንት እጁ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መንምኖ ነበር ይባላል። እንዲያም ሆኖ የፈለገውን አላገኘም። በድሎት መስጠምም ሆነ ሥጋን ማሠቃየት ሰውን በራሱ ላይ ብቻ እንዲያተኩር እንደሚያደርጉት የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ሱጃታ የምትባል ሴት ያቀረበችለትን በወተት የተቀቀለ ሩዝ በላ። አምስቱ ባልንጀሮቹም ተሸነፈ፣ ለሆዱ አደረ ብለው ጥለውት ሄዱ።

ብቻውን የቀረው ሲዳርታ ዛሬ ቦድ ጋያ በሚባለው ቦታ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዛፉ ከኛው ዋርካና ሾላ ጋር አንድ ወገን ነው። እውነቱን ሳያገኝ ላይነሣ ለራሱ ቃል ገባ። ፍርሃት፣ ምኞትና ጥርጣሬ ሌሊቱን ሙሉ ተፈራርቀውበት፣ ሊነጋ ሲል አእምሮው ጠራለት። ያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር። ቡድሃ የተባለው ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው።

እንደ ሐኪም ማስተማር

የመጀመሪያውን ትምህርቱን የሰጠው በቤናሬስ ከተማ አጠገብ፣ ሳርናት በሚባል አጋዘን በሚጠበቅበት ስፍራ ለነዚያው ጥለውት ለሄዱት አምስት ባልንጀሮቹ ነው። ቂም አልያዘባቸውም።

ትምህርቱ አራት ክፍል አለው፤ ከሐኪም አሠራር ጋር ስለሚመሳሰል ለማስታወስ አያስቸግርም። ሐኪም መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ይለያል፤ ቡድሃም መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከሚወዱት መለየት ሥቃይ መሆናቸውን አስተማረ። ሐኪም ቀጥሎ መንሥኤውን ይፈልጋል፤ እሱም የሥቃይ ሥር የማይጠግበው የሰው ምኞት፣ የሙጥኝ ባይነቱ ነው አለ። በሦስተኛ ደረጃ ሐኪም በሽታው የሚድን መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ ቡድሃም ሥሩ ከተነቀለ ሥቃዩ እንደሚቀር አስረዳ። በመጨረሻ መድኃኒቱ ይታዘዛል። እሱም ያዘዘው ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው፤ ቀና አስተያየት፣ ቀና ሐሳብ፣ ቀና አነጋገር፣ ቀና ሥራ፣ ቀና መተዳደሪያ፣ ቀና ጥረት፣ ቀና ንቃትና ቀና ተመስጦ። መተዳደሪያ ሲልም በወሬ አልተወውም፤ መሣሪያ፣ ሰው፣ ሥጋ፣ የሚያሰክር መጠጥና መርዝ መነገድን ከልክሏል።

ስለ ተመስጦው ያስተማረው ነገር ቀላል ይመስላል። ሰው ጸጥ ያለ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ትንፋሹን ያስተውላል። ሲያስገባ ማስገባቱን፣ ሲያወጣ ማውጣቱን ያውቃል። ሐሳብ ወደ ገበያው፣ ወደ ቂሙ ወይም ወደ ፈተናው ሲሸሽበት ሳይቆጣ ይመልሰዋል። የሞከረው ያውቀዋል፤ አሥር ትንፋሽ ሳይሞላ ሐሳብ መርካቶ ደርሶ ይመለሳል።

በትጋት ብዛት ራሱን ለሚጎዳ ሰው ደግሞ የተለየ ምክር ነበረው። ሶና የሚባል ደቀ መዝሙር እግሩ እስኪደማ ድረስ እየተመላለሰ ሲያሰላስል ተስፋ ቆረጠ። ሶና በፊት የክራር ዓይነት መሣሪያ ተጫዋች ነበርና፣ ቡድሃ ስለሚያውቀው ሙያ ጠየቀው። ጅማቱ ሲላላ ድምፅ እንደማይሰጥ፣ ከልክ በላይ ሲወጠርም እንደዚያው እንደሆነ ሶና ራሱ መለሰ። እንግዲህ ትምህርቱን ተማሪው ከሚያውቀው ነገር መጀመር ማለት ይኸው ነው። ለኛ ለእጩ መምህራን ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይሆነናል።

ወደ ሰው መመለስ

ቡድሃ ሰላሙን ካገኘ በኋላ ጫካው ውስጥ ተደብቆ መቅረት ይችል ነበር። እሱ ግን 45 ዓመት ያህል በጋንጅስ ወንዝ ሜዳ ከመንደር መንደር በእግሩ እየዞረ አስተማረ። ጸጉር አስተካካዩ ኡፓሊና የተናቀ ቆሻሻ ጠራጊ የነበረው ሱኒታ ከመሳፍንት ልጆች እኩል ተቀብሏቸዋል።

ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት አንድ ልጇ ሞቶባት፣ ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን ወደ እሱ መጣች። አልገሠጻትም። ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ጥቂት ሰናፍጭ ለምና እንድታመጣ ላካት። ሰናፍጩ በየቤቱ ነበር፤ ሞት ያልገባበት ቤት ግን አላገኘችም። አንዱ አባቱን፣ ሌላዋ ልጇን እንደቀበሩ እየነገሯት ከደጅ ወደ ደጅ ስትሄድ ሐዘኗ የሷ ብቻ አለመሆኑ ገባት። ልጇን ቀብራ ተመለሰች። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚወጣበት አገር ልጆች ስለሆንን ይህ ታሪክ ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለንም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቡድሃ ደቀ መዝሙሩን አናንዳን አስከትሎ የመነኮሳቱን ማደሪያ ሲጎበኝ፣ ተቅማጥ የያዘው አንድ መነኩሴ በገዛ እዳሪው ላይ ወድቆ አገኘ። ለምን ማንም እንደማያስታምመው ቢጠይቀው፣ ለባልንጀሮቹ የሚጠቅም ሥራ ስለማይሠራ እንደተዉት ነገረው። ቡድሃ ውሃ አስመጣ። እሱ እያፈሰሰ አናንዳ አጠበው፤ ከዚያም እሱ በራሱ በኩል አናንዳ በእግሩ በኩል ይዘው አልጋ ላይ አወጡት። በኋላ መነኮሳቱን ሰብስቦ አባትና እናት የሌላቸው እነሱ እርስ በርሳቸው ካልተጠባበቁ ማን እንደሚጠብቃቸው ጠየቃቸው። እሱን ማገልገል የሚወድ ሰው የታመመውን እንዲያገለግል አዘዘ።

ለሰፈራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሱፓቡድሃ ታሪክ ነው። ሱፓቡድሃ ራጃግሃ በምትባል ከተማ የሚኖር የሥጋ ደዌ ያለበት ድኻ ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ የሰው ብዛት አይቶ ምግብ የሚታደል መስሎት መጣ። ቢጠጋ ምግብ የለም፤ የሚያስተምር ሰው ብቻ አለ። እንግዲህ መጥቻለሁና ልስማ ብሎ ዳር ተቀመጠ። ቡድሃ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ነገሩ ሊገባው የሚችል ማን እንደሆነ ዓይኑን አዙሮ አየ። ዓይኑ ያረፈው ፊት ከተቀመጡት ባለጸጎች ላይ ሳይሆን ዳር ከተቀመጠው ሕመምተኛ ላይ ነው። ትምህርቱንም ለሱ ብሎ፣ ስለ ልግስና ከሚያወሳው ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሰጠ። ሱፓቡድሃም ገባው፤ በደስታ ተነሥቶ አመሰገነና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጥጃ ያላት ላም ወግታው ሞተ። በሽታው አልዳነለትም፣ ዕድሜውም አልረዘመለትም። ያገኘው ነገር ሌላ ነው፤ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ሰው አገኘ፣ ልቡም አረፈ።

ያልተዘነጋው ዕዳ

ትቶት የወጣው ቤትስ? የዚህን ታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይገባም። ያሾዳራ ከሕፃን ልጅ ጋር ቀርታለች፤ አባቱም አርጅተዋል። ቡድሃ ካስተማረ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ካፒላቫስቱ ተመልሶ ነበር። ልጁ ራሁላ ርስቱን ሊጠይቀው ቢመጣ፣ ርስቱ ትምህርቱ ስለነበረ አስመነኰሰው። አያቱ ሱዶዳና ግን ልጅም የልጅ ልጅም ማጣት ቆዳን በስቶ እስከ አጥንት እንደሚዘልቅ ነግረው አለቀሱ። ቡድሃም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወላጅ ያልፈቀደለት ልጅ እንዳይመነኩስ ደንብ አወጣ። አሳዳጊው ማሃፓጃፓቲ ሴቶችም እንዲመነኩሱ ሦስት ጊዜ ብትለምነው እምቢ ብሎ፣ አናንዳ ከተከራከረላት በኋላ ፈቅዷል። የሌላውን ሐዘን ሰምቶ ደንቡን የሚያሻሽል ሰው ነበር።

በ80 ዓመቱ ቹንዳ የሚባል አንጥረኛ ቤት ከተመገበ በኋላ ጠናበትና ኩሲናራ በምትባል ትንሽ ከተማ በሁለት ዛፎች መካከል አረፈ። ከመሞቱ በፊት ግን ሰዎች ቹንዳን መርዞ ገደለው እንዳይሉት ተጨንቆ፣ ያ ምግብ ታላቅ በረከት ያለው መሆኑን እንዲነግሩት አናንዳን አደራ ብሏል። የመጨረሻ ሐሳቦቹ አንዱ ለአንድ ቀጥቃጭ ስም መጨነቅ ነበር።

ይዋስፍ ሆኖ ኢትዮጵያ ሲገባ

አሁን ወደ ገባነው ቃል እንመለስ። የቡድሃ የወጣትነት ታሪክ በሕንድ ብቻ አልቀረም። ወደ ፋርስ፣ ከዚያም ወደ ዓረብኛ፣ ወደ ጆርጂያና ወደ ግሪክ ቋንቋ እየተመለሰ ተጓዘ። በመንገዱም ሃይማኖቱ ተለውጦ የክርስቲያን ገድል ሆነ። ቦዲሳትቫ የሚለው ማዕረጉ በዓረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ። በዓረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ የሚመጡት የ«በ» እና የ«የ» ድምፆች የሚለዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት ነጥብ ስትጨመር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ በኛም ዘንድ ይዋስፍ ተባለ።

መጽሐፉን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት አባ እንባቆም ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ መንግሥት ነው። አባ እንባቆም ትውልዳቸው የመን ሲሆን፣ ወደ አገራችን መጥተው ክርስትናን ተቀብለው፣ መንኩሰው፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱ ሊቅ ናቸው። በግራኝ አህመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ለኢማሙ አንቀጸ አሚን የተባለውን ጽሑፍ ጽፈውላቸዋል። ጦርነቱ ካበቃ 10 ዓመት ያህል በኋላ፣ አገሩ ገና ቁስሉ ሳይጠግ የመለሱት ይህን በራላምና ይዋስፍ የተባለውን የሰላም ፍለጋ ታሪክ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ይዋስፍ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ በቤተ መንግሥት ከልሎ ያሳድገዋል። ከዚያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው አንድ የሥጋ ደዌ ያለበት ሰውና አንድ ዓይነ ሥውር ነው፤ ቀጥሎም ሽማግሌ ያያል። በራላም የተባለው መናኝ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ድንጋይ ይዣለሁ ብሎ ገብቶ ያስተምረዋል። የጥንቱ የሕንድ ልዑል መሆኑን ሳያውቁ ስንት የኛ ሊቃውንት ይህን ታሪክ በግእዝ አንብበው ይሆን!

ከአጥሩ ውጭ

ልብ በሉ፤ ይዋስፍን ከእንቅልፉ ያነቃው የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ነው። የዘነበወርቅ ሰፈር ደግሞ ስሙን ያገኘው ለዚሁ በሽታ ሕክምና ከጣልያን ወረራ በፊት ከተቋቋመውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የማሠልጠኛ ማዕከል እዚያው ተመሠረተ፤ ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎችም ማስተማሪያ ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ወደ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ተጋብተው፣ ወልደው ሰፈር መሠረቱ። ያባረራቸው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ በዘር የሚወርድ ነው፣ እርግማን ነው የሚለው ወሬ ጭምር ነው።

ሳይንስ ይህን ወሬ ከረጅም ጊዜ በፊት ሽሮታል። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት በአንድነት የሚሰጡ መድኃኒቶችን አጸደቀ፤ በነዚህም በሽታው ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ሕክምና ይድናል። በዘር አይወርድም፣ በቀላሉም አይተላለፍም። ቀድሞ የታከመ ሰው ጣቱም አይጎድልም። መድኃኒት ያልተገኘለት ዞሮ ዞሮ የኛ ፊት ማዞር ነው።

ሱዶዳና ለልጁ የሠራው ዓይነት አጥር ዛሬም በያንዳንዳችን ልብ አለ። ታክሲ ውስጥ ጣቱ የጎደለ ሰው አጠገባችን ሲቀመጥ የምንጠጋጋው፣ ሳንቲሙን ከሩቅ የምንወረውረው፣ ዓይናችንን ወደ መስኮቱ የምንመልሰው ያ አጥር ስላለ ነው። የዚያን ጊዜ ያገኘነው የሚመስለን ሰላም የቤተ መንግሥቱ ሰላም ነው፤ አንድ ሽማግሌ በደጅ ሲያልፍ የሚፈርስ ሰላም።

የእምነታችን መንገድ ልዩ ልዩ ነው። የቡድሃን ሃይማኖት መቀበል ሳያስፈልገን ከሕይወቱ የምንወስደው አለ። ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንፋሽን ማስተዋል፣ ምኞትን መግታት ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ሲዳርታ ከዛፉ ሥር ያገኘው ሰላም እውነተኛ መሆኑ የታወቀው፣ በኋላ ያንን ተቅማጥ የያዘው መነኩሴ አንሥቶ አልጋ ላይ ባወጣ ጊዜ ነው።

ነገ በየክፍሉ ስንቆም ከኋላ፣ ከዳር የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። አንዱ የአባቱ እጅ በሥጋ ደዌ የተጎዳ በመሆኑ ጓደኞቹ የማይጠጉት ሊሆን ይችላል። ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት ዓይናችንን አዙረን እንፈልገው።